ሁለት ዓይነት መድኃኒት

(ጳጉሜን 5 ቀን በወረዳችን አዳራሽ ለእድር ዳኞች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች የተናገርኩት ነው። ከቀረጻው ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። የሰው ማንነት የሚያሳብቁ ነገሮችን ብቻ ለውጫለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አረፈዳችሁ?

እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። አሁን ሰው መኖሩን አመንኩ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድር ዳኞች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ወንድሞቼ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ነገ እንቁጣጣሽ ነው። የግማሻችሁ ልብ ገበያ እንደሆነ አውቃለሁ። ዶሮ ከሰዓት በኋላ ይወደዳል። እኔም ገና አልገዛሁም። ስለዚህ አላስረዝምም። አላስረዝምም ያለ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያስረዝም ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10። ራስን ማጥፋትን የመከላከል ቀን ተብሎ በዓለም ዙሪያ የሚታሰበው ዛሬ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ። ቀኑን የቆረጡት ሰዎች የኛን ባሕረ ሐሳብ ያዩ አይመስለኝም። ግን ልክ የዓመታችን መዝጊያ ላይ ጣሉት። ሰው ዓመቱን የሚመዝንበት ጊዜ ነው። ምን አገኘሁ? ምን አጣሁ? ማን ሞተብኝ? ማን ካደኝ? እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ «ለአዲሱ ዓመት ባልደርስ ይሻለኛል» ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም? እጅ አታውጡ። እኔ ግን አለ ነው የምለው።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ይሞታል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ከአራቱ ሟቾች ሦስቱ ገደማ እንደኛ ባሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይኼ የሀብታም አገር ችግር ነው የሚል ሰው ካለ ይኼን ይያዝልኝ።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛው ሕክምናው ከሰው ምን ያህል እንደራቀ ነው። ሁለተኛው መርዙ ለሰው ምን ያህል እንደቀረበ ነው። ሦስተኛው ስለ አፋችን ነው፣ ማለቴ ስለ ዝምታችን።

ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። «መድኃኒት አለ ቤትህ?» ብላችሁ አንድን ገበሬ ብትጠይቁት ምን ይላችኋል?

(ከአዳራሹ አንድ አባት፦ «የሰው ነው የአረም?» አሉ። ሳቅ።)

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ንግግሬን በሦስት ቃል ጨረሱት! በኛ አገር ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንዱ ያድናል። አንዱ አረም ይገድላል፣ ተባይ ይገድላል፣ ሰውም ይገድላል። ሁለቱንም «መድኃኒት» ብለን ነው የምንጠራቸው። የሚያድነው ጤና ጣቢያ ስንሄድ የለም። የሚገድለው ግን አልጋ ሥር አለ። ዛሬ የምለው ይኼን ብቻ ነው። ይኼ ቦታውን ይቀያየር!

ወደ አንደኛው ልግባ።

እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሲስተር ትሉኛላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ስጀምር ለልምምድ አማኑኤል ሆስፒታል ተላክሁ። አማኑኤልን የማያውቅ የለም፤ መርካቶ አጠገብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ፣ ለዚህ ሁሉ ተራራና ቆላ፣ አንድ ግቢ! በኋላ ስሙ ስድብ ሆነ። «አንተ አማኑኤል ነው የሚገባህ» እንባባላለን። ቀሳውስቱ ትርጉሙን ያውቁታል። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። በዚህ ስም የምንሰዳደብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት መጣ። መጣ አልልም፤ አመጡት። እጁ በገመድ ታስሯል። ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ከወሎ፣ ከሩቅ ገጠር። መንገድ ላይ ሦስት ቀን ፈጅተዋል። የአውቶቡስ ረዳት «እብድ አልጭንም» ብሎ አንዴ አውርዷቸዋል። ወንድምየው እግሩ አብጧል። «በሬ ሸጬ ነው የመጣሁት» አለኝ። ገበሬ ናችሁ፣ አንድ በሬ የቀረው ሰው ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም። መቀናጆ ፍለጋ ነው የሚዞረው።

ልጁ ተኛ፤ መድኃኒት ጀመረ። በሳምንታት ውስጥ ሰው ሆነ። እጅ ይነሳል፣ ስሜን ይጠራል፣ ለወንድሙ ሻይ ያመጣለታል። የወር መድኃኒት ሰጥተን «በወሩ ተመለሱ» አልናቸው። ወንድምየው ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «ሲስተር፣ የቀረኝ ሁለተኛው በሬ ነው» አለኝ።

አልተመለሱም።

ይኼን ታሪክ ዛሬም ድረስ ይዤው እዞራለሁ። ሐኪሙ ጥሩ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቷል። ቤተሰቡም አፍቃሪ ነበር፤ ሰው ለወንድሙ በሬ ከሸጠ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? የገደለን መንገዱ ነው። ርቀቱ ነው።

መንግሥት ይኼ አልገባውም አልልም። ገብቶታል። ሐቁን እንናገር። በቡታጅራና በአካባቢው ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰው ጠይቀዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ቆየት ብለው እነዚያኑ ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታተሏቸው። ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ ሆኖ ተገኘ። 30 ዓመት! የአንድ ሰው ጎልማሳነት በሙሉ ማለት ነው። አንዳንዱን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው፤ አንዳንዱ በገዛ እጁ ሄዷል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚሠራበት ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2025 የሚዘልቅ ሌላ ተከተለ። የሁለቱም ልብ አንድ ነው። በየክልሉ አዲስ አማኑኤል እንገንባ አይልም። ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ እናውርደው ነው የሚለው። የወባ ታማሚ የሚያየው ያው ጤና መኮንን፣ ያቺው ነርስ ድብርትንም ትይ፣ የሚጥል በሽታንም ትይ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ የሚሆን አጭር መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት።

«ነርስ እንዴት ይኼን ታክማለች?» ያለ ሰው ብዙ ነበር። እኔም አንዷ ነበርኩ፣ ልናዘዝ። ጉራጌ ዞን ውስጥ ተሞከረ። ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ጤና ጣቢያ፣ በሠለጠኑት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ታከመ። ገሚሱ ሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስ። ጤና ጣቢያ የታከሙት ውጤታቸው አላነሰም። ልብ በሉ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሷ እኔ ነኝ! «አንቺ ያን ያህል አታስፈልጊም» የሚል ጥናት ነው የወጣው። በሕይወቴ ሳልፈለግ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ መንገዱ ታውቋል። ታዲያ የት ላይ ነው የተያዝነው?

አንዲት እናት ልንገራችሁ። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ ስሙን ተዉት፣ ሰባት ጊዜ ተመላልሳለች። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። አንዴ ታይፎይድ ነው ተባለች። አንዴ ታይፈስ ነው ተባለች። አንዴ ሁለቱም ነው ተባለች። እኛ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው አለ እንዴ? ማስታገሻ ተሰጣት፣ ሄደች። ካርዷ ወፍራም ሆነ።

በስምንተኛው ጊዜ አንድ ልጅ እግር ጤና መኮንን ገጠማት። ከሥልጠና ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። የተማረውን ጥያቄ አንድ በአንድ ጠየቀ። በመጨረሻ ፈራ ተባ እያለ «እናቴ፣ ኑሮ አስጠልቶሽ ያውቃል? መሞት ተመኝተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ልጄ፣ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። ቀኑን ቆርጣ ነበር። ለክርስትና ልጇ ሠርግ ስትል ብቻ ነው ያራዘመችው።

መድኃኒት ተጀመረላት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በየሳምንቱ ቤቷ ትሄዳለች። ይኼን ደግሞ ሳላመሰግን አላልፍም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ይኼን ያደረገ መንግሥት ትልቅ ነገር አድርጓል፤ የማንወደውንም የምንወደውንም አንድ ላይ እንናገር። ሦስት ወር አለፈ። ሴትየዋ እንቅልፍ ተኛች። ጠላ መጥመቅ ጀመረች። ስቃ አየኋት።

በአራተኛው ወር መድኃኒቱ አለቀ።

የአንድ ታማሚ አይደለም ያለቀው፤ የጤና ጣቢያው ነው። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጣች። «የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ተባለች። መጣች፣ የለም። «ከውጭ ግዢ» ተብሎ ወረቀት ተሰጣት። በየትኛው ብሯ? ከዚያ መምጣት ተወች። ኤክስቴንሽኗ ልጅ አንድ ማለዳ ልቧ አልቀበል ብሎ ቤቷ ሄደች። በሩን ገፍታ ገባች። ደረሰችላት። ተርፋለች። አሁንም አለች። ጠላዋንም ቀምሻለሁ።

በዚያው ወር የሩብ ዓመት ሪፖርት የምሞላው እኔ ነበርኩ። በቅጹ ላይ «ስንት ባለሙያ ሠለጠነ?» የሚል ሣጥን አለ። ሞላሁ። «ስንት መድረክ ተካሄደ?» የሚል አለ። ሞላሁ። «መድኃኒቱ ስንት ቀን ጠፋ?» የሚል ሣጥን ፈለግሁ። የለም! ያልተጠየቀ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር በጀት የለውም። በወረቀቱ ላይ እኛ መቶ በመቶ ነበርን። አበል የተቀበልንበት ሥልጠና ሁሉ አለ። ሴትየዋ ግን የለችም።

«አገሩ ድሃ ነው፣ ምን ይደረግ?» እንዳትሉኝ። ኤች አይ ቪን ረሳችሁት? ያኔም ሰው «በሳንባ ሞተ» ነበር የሚባለው። ያኔም ቤተሰብ ይደብቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ስንት ሰው እንቅልፍ አጥቶ እንደሚያድር አውቃለሁ፤ አብሬ ሠርቻለሁ። አቡነ ጳውሎስ ሳይቀሩ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ፣ አይጣሉም ብለው አስተምረዋል። መንግሥት፣ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ አንድ ላይ ቆሙ። ያን የቻለ አገር የድብርት ክኒን አቀርባለሁ ቢል ያቅተዋል? እሱ እኮ ርካሽ ነው!

ሁለተኛው ነገሬ መርዙ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ያደግሁት ምንጃር ነው። እናቴ ታናሽ ወንድም ነበራት። የጤፍ ገበሬ። ቀልደኛ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው የሚያስቅ ዓይነት። እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስደኝ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ዝም አለ። ዕዳ ነበረበት። እንቅልፍ አልነበረውም። ማንም አላስተዋለም፤ በክረምት ማን ማንን ያያል? አንድ ማታ ቤት ውስጥ ጠብ ተነሣ። ሁሉም ቤት የሚነሣ ዓይነት ጠብ ነው። ጠዋት ኡኡታ ሰማን።

«ሆዱን ታሞ» ተባለ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሁሉም ሰው «ሆዱን ታሞ» አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ልጆቹ እንዳይሰደቡ። እኔ ልጅ ነኝ፤ አመንኩ። ለዓመታት ሆዴን ባመመኝ ቁጥር እንደ አጎቴ ልሞት ነው ብዬ እፈራ ነበር።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ እናቴን ጠየቅኋት። ቡና እያፈላች ነበር። ቀና ሳትል «መድኃኒቱ ቤት ባያድር ኖሮ ጠዋት ራሱ ይስቅበት ነበር» አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አገሮች ራስን ማጥፋትን እንዴት ይከላከሉ የሚል መመሪያ አወጣ። አራት ዋና ዋና ሥራዎችን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ምን ይላል? ሰው ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ከእጁ አርቁ ይላል። እናቴ ከጀበናዋ ሥር ሆና ቀድማ ብላዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ጨለማ ሰዓት ማዕበል ነው። ይመጣል፣ ያጥለቀልቃል፣ ያልፋል። አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይረግባል። ሞክረው ከተረፉት ሰዎች አብዛኞቹ ኋላ በዚህ አይሞቱም። ይኖራሉ። ልጅ ይድራሉ። «የቆረጠ ሰው አይመለስም» የሚባለው ውሸት ነው። ጥያቄው ማዕበሉ ሲመጣ አጠገቡ ምን አለ ነው።

ስሪላንካን ታውቃላችሁ፤ ሻያቸውን እንጠጣለን። ገበሬ አገር ነው፣ እንደኛ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጅ ነው የምላችሁ፣ በዚህ ሞት ከዓለም ግንባር ቀደም ነበሩ። ብዙው በእርሻ መድኃኒት ነበር። መንግሥታቸው ምን አደረገ? ስብከት አላበዛም። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጣም ገዳይ የሆኑትን እየለየ ከገበያ ማስወጣት ጀመረ። በ1995 ትልቁን እርምጃ ወሰደ። ከ2008 እስከ 2011 ሌሎች ሦስት ከለከለ። የሞቱ ምጣኔ ከ70 በመቶ በላይ ወረደ! በሃያ ዓመት ውስጥ 93,000 ያህል ሰው ድኗል ተብሎ ይገመታል።

ሰዎቹ መጨነቅ አቆሙ? አላቆሙም። አብዛኛውን ጊዜ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ እስከ 2009። ድህነቱ አለ። ዕዳው አለ። የባልና የሚስት ጠቡም አለ። አዝመራውስ ቀነሰ? አልቀነሰም። በሌላ፣ እንዲያ በማይገድል ተተካ። ሰውየው ያንኑ ያህል ተናደደ፣ ያንኑ ያህል አለቀሰ፤ ግን ጠዋት ነጋለት።

አሁን አንዳችሁ «ስለዚህ ቆልፈን እናስቀምጠው» ትላላችሁ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስሰብክ ኖሬያለሁ። «ሣጥን ግዙ፣ ቁልፍ አድርጉ!» እል ነበር። በኋላ እዚያው ስሪላንካ 180 መንደር ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ለገሚሱ መንደር ሣጥን ከነቁልፉ ታደለ። ለገሚሱ አልታደለም። ልዩነት አልተገኘም። ሳስበው ሳስበው ሳቄ መጣ። ቁልፉ ማን ጋ ነው ያለው? ባለቤቱ ኪስ ውስጥ! ለልጆቻችሁ ስትሉ ቆልፉ፣ አደራ። ግን ቁልፉ በቂ ነው ብላችሁ አትተኙ። ይኼኛው የግለሰብ ሥራ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። በገበሬው ጫንቃ ላይ አትጫኑብን።

የቱ መንግሥት ነው ካላችሁ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገርመው። ጤና ጽሕፈት ቤት አይደለም። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 674/2002። የትኛው ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚወሰነው በግብርናው በኩል ነው። እኔ ነጭ ጋዋን ለብሼ ከምሠራው ይልቅ፣ የእርሻ ባለሙያው በአንድ ዝርዝር ላይ በሚያሰርዘው መስመር ብዙ ሰው ሊድን ይችላል። ይኼን ስል የራሴን ሙያ እያሳነስኩ አይደለም። ስብሰባ ላይ ማን ይጠራ እያልኩ ነው።

ገበያችንንስ አያችሁት? ቅዳሜ ዕለት አለፍኩበት። በውሃ ሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ስም የለው፣ ምልክት የለው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲገዛ አየሁ። ሻጩን «ጋሼ፣ ለልጅ?» አልኩት። «አባቱ ነው የላከው» አለኝ። ይሆናል። አባቱም ልኮት ይሆናል። እኔ ግን ለዚያ ልጅ ሲጋራ የማይሸጥ ሰው ይኼን ሲሸጥ ማየት ከበደኝ።

ሦስተኛው። ሰዓቱን አየሁ፤ እዚህ ላይ እሮጣለሁ።

«ሆድ ይፍጀው» የሚል አባባል አለን። ስንወደው! ቻይ ሰው ይወደሳል። ወንድ ልጅ አያለቅስም። ሴት ልጅ ገበናዋን አታወጣም። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160,000 በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለስ ከወረዳችንም የተመለሱ ነበሩ። አንዷን ቤቷ ሄጄ አየኋት። ቤተሰብ፣ ጎረቤት ሁሉ የጠየቃት አንድ ነገር ነው። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ምን አይተሽ መጣሽ ያላት አንድ ሰው የለም። ግድግዳ ዳር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ጥፍሯን ትልጥ ነበር።

ፍርሃቱን አውቃለሁ። «ከጠየቅሁት ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ» ትላላችሁ። አታስታውሱትም። ሐሳቡ ካለ ቀድሞም አለ። ስትጠይቁት ይተነፍሳል። እንዴት ይጠየቃል? ልክ እንደዚያ ልጅ እግር ጤና መኮንን። «ሰሞኑን ፊትህ ልክ አይደለም። መኖር አስጠልቶሃል እንዴ?» በሉት። ከዚያ ዝም በሉ። ምክር አታዝንቡበት። «ስንቱ ባንተ ቦታ በሆነ» አትበሉት። «የልጆችህን ፊት አታይም?» አትበሉት፤ ሸክሙ ላይ ድንጋይ አትጨምሩ። «አዎ» ብሎ ከመለሰላችሁ ብቻውን አትተዉት። መድኃኒቱን ከቤት አውጡ፤ የቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይዛችሁትም ጤና ጣቢያ ኑ። እድር ሰው ሲሞት ለሦስት ቀን ይቀመጣል። ከመሞቱ በፊት አንድ ሌሊት መቀመጥ መተዳደሪያ ደንቡ ይከለክላል?

(አንድ የእድር ዳኛ፦ «አይከለክልም!»)

በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ሕጉንም ልንገራችሁ። «ከሞከረ ይታሰራል» ብላችሁ የተጎዳ ሰው ቤት የምትደብቁ አላችሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሰውን ለዚህ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። ሞክሮ የተረፈውን አይደለም። ፖሊስ ፈርታችሁ ሰዓት አታባክኑ፤ ቶሎ አምጡት። አባቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የታመመ ሰው ጸበል ሲመጣ «ክኒኑን ጣል» የሚሉ አሉ። እባካችሁ አታስጥሏቸው። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ክኒኑንም ይዋጥ።

ቲክቶክ ላይ የሟች ፎቶ ለምትለጥፉ ወጣቶችም አንድ ነገር ልል ነበር። ተዉት፣ አንድ ብቻ፦ አትለጥፉ። እንዴት እንደሞተም አትተርኩ። ያንን የሚያየው ሌላው የጨነቀው ልጅ ነው።

እሺ፣ ጨረስኩ። አስረዝሜያለሁ፤ ተናግሬ ነበር።

ፊት ለፊት የተቀመጠው ወንድማችን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። ሲመጣ «ሲስተር፣ በስህተት ነው የጠራችሁኝ መሰለኝ፤ ይኼ የጤና ስብሰባ ነው» ብሎኝ ነበር። በስህተት አይደለም። ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ወረቀት ላይ ጽፌልሃለሁ። በወረዳችን ገበያ ከሚሸጡት ውስጥ የተመዘገቡት የትኞቹ ናቸው? በሃይላንድ የሚሸጠውን ማን ነው የሚያስቆመው፣ ከመቼ ጀምሮ? እጅግ ገዳይ የሆኑት ከገበያ ይውጡልን የሚል ደብዳቤ ወደ ላይ ብንጽፍ አብረኸን ትፈርማለህ?

ና እንጂ ወንድሜ፣ አትፈር። ማይኩ እዚህ አለ። ዶሮው ይቆየናል።